«ጎ» እንዴት «ዌንት» ሆነ?

ጥያቄ፦ ልጄን እንግሊዝኛ ሳስጠናው «ጎ» በኃላፊ ጊዜ ለምን «ዌንት» እንደሚሆን ጠየቀኝ። «በቃ እንደዚያ ነው፣ ሸምድደው» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልገባኝም። ምን ያገናኛቸዋል? መቼም አማርኛችን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

መልስ፦ በዘር አይገናኙም። «ዌንት» የሌላ ግስ ልጅ ነው። በድሮው እንግሊዝኛ «ዌንድ» የሚባል ግስ ነበር። ትርጉሙ መዞር፣ ማዞር፣ ከዚያም መንገድ ይዞ መሄድ። «ሴንድ» «ሴንት» እንደሚሆነው ሁሉ «ዌንድ»ም ደንቡን ጠብቆ «ዌንት» ሆነ። «ጎ» ደግሞ ያኔ «ኤዮዴ» የሚባል ሌላ ኃላፊ ጊዜ ነበረው። ይህ ቃል እየተረሳ ሲሄድ በ15ኛው መቶ ዘመን ገደማ «ዌንት» ቦታውን ያዘ። ልጁን የተነጠቀው «ዌንድ» «ዌንድድ» የሚል አዲስ ኃላፊ ጊዜ አበጀ። ዛሬ ግን ከመጻሕፍት ውጭ እምብዛም አይሰማም። ስኮትላንዶች በበኩላቸው ከራሱ ከ«ጎ» «ጌድ» የሚል አውጥተው ተገላገሉ።

አማርኛ ጣጣ የለበትም ያሉትን ግን አልቀበልም። «ሂድ» ከ«ሄደ» ይወጣል። ከ«መጣ» ምን ይወጣል? «ምጣ» አንልም፤ «ና» እንላለን። ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ «ኑ»። አንዱም የ«መጣ» ፊደል የለበትም። ደግሞ የሚገርመው አሉታው ነው፦ «አትምጣ»! ልጅን ስንጠራ «ና»፣ ስንከለክል «አትምጣ»። አያቱን በአክብሮት ሲጠሩም «ይምጡ» ነው የሚሉት፤ «መጣ» ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በጸሎትም «መንግሥትህ ትምጣ» እንላለን። «ና» የገባው ለቅርብ ሰው በምንሰጠው ቀጥተኛ ትእዛዝ ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ግእዝ «መጽአ» እያለ ሲጠራ «ነዓ» ይላል፤ ለሴት «ንዒ»። ትግርኛም «ንዓ» ይላል። አማርኛ የጉሮሮዋን ድምፅ ጥሎ «ና» አለ። ዐረብኛም «ጃአ» (መጣ) ብሎ ሲጠራ «ተዓል» ነው የሚለው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚበዛው ዕለት ተዕለት ከአፋችን በማይጠፉ ግሶች ላይ ነው። ብዙ ስለምንላቸው ሕፃናት ገና በጠዋቱ እንዳሉ ይይዟቸዋል፤ ደንቡ ሊያስተካክላቸው ጊዜ አያገኝም። «አለ» ለትናንት «ነበረ»፣ ለነገ «ይኖራል»፣ ሲጠፋ «የለም» ይሆናል። እስቲ ይህን ለአንድ እንግሊዛዊ ያስረዱት!

ለልጅዎ «ሴንድ፣ ሴንት፤ ዌንድ፣ ዌንት» ብለው ይጀምሩለት። ከዚያ የ«መጣ»ን ትእዛዝ ይጠይቁት።