አንድ ነዋሪ ስላላት ከተማ፦ ለወጣት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ከቁጥር ጋር የምትውሉበትን ሥራ ለምትጀምሩ ይህን እጽፋለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሕዝብ ቆጠራና በናሙና ጥናት ነው። ተማሪዎቼ ስለ ሕዝብና ስለ ኢኮኖሚ ሲጠይቁኝ ደጋግሜ የማነሣላቸው በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት ያለችውን ሞኖዊን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞኖዊን የወለዳት የባቡር ሐዲድ ነው። በ1902 ገደማ ተቆረቆረች፤ በ1930ዎቹ 150 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። የዙሪያው ገበሬ ምርቱን በባቡር ይልካል፣ አስቤዛውን ከእርሷ ይሸምታል። በኋላ ትራክተር መጣና ብዙ እጅ ይጠይቅ የነበረውን እርሻ ጥቂት ሰው ቻለው። መኪናና ደኅና መንገድ ደግሞ ገበያተኛውን ራቅ ወዳሉት ከተሞች ወሰዱት። ፖስታ ቤቱና የመጨረሻዎቹ ሱቆች ከ1967 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ተዘጉ፤ ትምህርት ቤቱም በ1974 ተከተላቸው። «ወጣቱ ጥሏት ሄደ» የሚለውን ማብራሪያ አትቀበሉ። ወጣቱ የሄደው ሥራው ቀድሞት ስለሄደ ነው።

በ2000 የቀሩት ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ። ባልየው በ2004 ሲያርፉ ወይዘሮ ኤልሲ አይለር ብቻቸውን ቀሩ። ከንቲባዋ እርሳቸው፣ ጸሐፊዋ እርሳቸው፣ ገንዘብ ያዧም እርሳቸው ሆኑ። የመጠጥ ቤታቸውን ፈቃድ ጠያቂም ሰጪም ራሳቸው ናቸው። ለመንገድ መብራቶቹ ከግዛቱ ድጎማ ለማግኘት በየዓመቱ የመንገድ ዕቅድ ያቀርባሉ። ግብሩንም የሚሰበስቡት ከራሳቸው ነው። ባለቤታቸው የተዉትን 5,000 ያህል መጽሐፍ በአንዲት ትንሽ ቤት ደርድረው ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ጋዜጦች ይህን እንደ አስገራሚ ወሬ ያነሡታል። እኔ ግን የከተማን ሥራ እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም፤ ለ150 ሰው ይከፋፈል የነበረው ኃላፊነት ሳይቀንስ አንድ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ታዩታላችሁ።

መጠጥ ቤቱንም ልብ በሉት። ነዋሪዋ አንድ ብትሆንም ደንበኛው ብዙ ነው፤ ገበሬው፣ ከብት አርቢውና አላፊ አግዳሚው ከሩቅ መኪናውን እየነዳ መጥቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የአካባቢውን ወሬ ይሰማል። የነዋሪውን ቁጥር ብቻ አንብቦ «እዚህ ገበያ የለም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ባለሙያ እነዚህን ሰዎች ሁሉ ዘለላቸው ማለት ነው።

በ2020 ቆጠራ የሞኖዊ ሕዝብ 2 ተብሎ ታተመ። ከተማዋ ግን አዲስ ነዋሪ አላገኘችም። የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ የግለሰብን ምስጢር ለመጠበቅ በትንንሽ አካባቢዎች ቁጥር ላይ ሆን ብሎ መጠነኛ መዛባት ይጨምራል፤ የየግዛቱን ጠቅላላ ድምር ግን አይነካም። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። አንድ ሰው ብቻ በሚኖርበት ቦታ የዕድሜው ሠንጠረዥም የቤቱ ሠንጠረዥም የዚያ ሰው የግል ማኅደር ነው። ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ «መልስዎ ከእኛ አይወጣም» ብሎ ቃል ገብቷል፤ ቃሉ በ1 ሰውም በ1 ሚሊዮን ሰውም ላይ እኩል ይጸናል።

ስለዚህ ማንኛውንም ቁጥር ከመጠቀማችሁ በፊት እንዴት እንደተሠራ ጠይቁ። በአገራችን የመጨረሻው ብሔራዊ ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ነው። ከዚያ ወዲህ የምታገኙት የወረዳ ሕዝብ ቁጥር በአብዛኛው ትንበያ ስለሆነ፣ በሪፖርታችሁ ላይ «ትንበያ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። የራሳችሁን ጥናት ስታትሙ ደግሞ በሠንጠረዡ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ የያዘ ረድፍ ካገኛችሁ ከጎረቤቱ ረድፍ ጋር አዋሕዱት። አለቃችሁ ዝርዝሩ ይቅረብልኝ ቢል እንኳ፣ የቀበሌው ሰው ያንን ረድፍ አይቶ «ይህቺማ እገሊት ናት» ሊል እንደሚችል አስረዱት።