ከሙኒክ ሮም በባቡር፦ ከደላላ አፕ አትግዢ

እህቴ፣ ጁላይ ላይ ከሙኒክ ሮም ለመሄድ የትኛው አፕ እንደሚረክስ ጠይቀሻል። ያንን መስመር በደንብ ስለማውቀው ልንገርሽ።

1. ዋጋ እያወዳደሩ የሌላ ድርጅት ትኬት የሚሸጡትን ደላላ አፖች ለማየት ብቻ ክፈቻቸው። ስትከፍይ ግን በባቡር ድርጅቱ በራሱ አፕ ይሁን። ለጀርመኑ ዲቢ ናቪጌተር፣ ለጣሊያኑ ትሬኒታሊያ። ኢታሎ የሚባለውን ሌላ የጣሊያን ባቡር ድርጅት ለብቻው እዪው፤ ተፎካካሪ ስለሆነ ትሬኒታሊያ ላይ አታገኚውም። ባቡር ከምትቀይሪባት የጣሊያን ከተማ ከቬሮና ሮም ሁለቱም ይሄዳሉ፣ ዋጋቸው ግን ይለያያል።

2. ዙፐር ሽፓርፕራይስ የሚባለው የዲቢ ትኬት ርካሽ ነው፤ ከሰረዝሽው ግን ገንዘቡ አይመለስም። የሥራ ፈቃድሽ ካልተረጋገጠ ትንሽ ጨምረሽ ሽፓርፕራይስ ብቻ የሚባለውን ትኬት ያዢ። እሱን ከገንዘቡ ቆርጠውብሽም ቢሆን መሰረዝ ትችያለሽ።

3. ደላላ አፕ ያልኩሽ በምክንያት ነው። አንዴ ከፈልኩ፣ አንድ ኢሜይል መጣልኝ። ውስጡ ለካ ሁለት የተለያየ ትኬት ኖሯል። የመጀመሪያው ባቡር መንገድ ላይ ቆሞ ዘገየ፤ ቬሮና ስንደርስ የሮሙ ሄዷል። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ስልኬን አንስታ እንኳ አላየችም። በሁለት ጣቷ ወደ እኔ መለሰችውና «ከእኛ አልገዛህም፣ የሸጠልህን ጠይቅ» አለችኝ። የሸጠልኝን ብጠይቅ «የዘገየው ባቡሩ ነው» አለ። ሻንጣዬን ይዤ እንደ ኳስ ተቀባበሉኝ። በዕለቱ ዋጋ ሌላ ትኬት ገዛሁ፤ ዋጋውን ተዪው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ግን የሸጡልኝን ዝም ብዬ አልተውኳቸውም። ከ2023 ጀምሮ የሚሠራ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አለ፣ ቁጥር 2021/782። አንቀጽ 12ን አንብቢው። ሻጩ የተለያዩ ትኬቶችን ራሱ አጣምሮ በአንድ ክፍያ ከሸጠልሽ፣ ውላቸው የተለያየ መሆኑንም አስቀድሞ ካልነገረሽ፣ ተከታዩ ባቡር ሲያመልጥሽ የከፈልሽውን በሙሉ ይመልሳል። በዚያ ላይ የ75 በመቶ ካሣ አለው። እኔ ከመክፈሌ በፊት የነበረውን ገጽ ስክሪንሾት ይዤ ነበር፤ ስለ ሁለት ውል አንድም ቃል የለበትም። አንቀጹን ጠቅሼ ምስሉን አያይዤ ስልክላቸው አነጋገራቸው ተለወጠ። ገንዘቤን እስከነካሣው ተቀበልኩ! አንቺም ከመክፈልሽ በፊት ያንን ገጽ ስክሪንሾት አድርጊው።

ባቡሩ 60 ደቂቃ ከዘገየ የትኬቱ 25 በመቶ፣ ሁለት ሰዓት ከሞላው 50 በመቶ ይመለሳል። በ3 ወር ውስጥ ራስሽ መጠየቅ አለብሽ፤ ማንም ጠርቶ አይሰጥሽም። የሚሰላው ግን በያዝሽው ትኬት ዋጋ ነው። ጉዞሽ በሁለት ትኬት የተከፈለ ከሆነ የዘገየው ክፍል ብቻ ይታሰብልሻል። ስለዚህ የግድ ለየብቻ የምትገዢ ከሆነ ቬሮና ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ክፍተት ተዪ።

እኔ ብሆን ግን የኦስትሪያውን ባቡር ድርጅት አፕ መጀመሪያ አየው ነበር። ናይትጄት የሚባለው የሌሊት ባቡር ከሙኒክ ሮም በቀጥታ ያደርስሻል፣ ወርዶ መቀየር የለም። የእሱ አልጋ በጁላይ ቶሎ ስለሚያልቅ ዛሬውኑ እዪው።