«ሥራው እንዴት ነው?» ብትያቸው «ይመስገን» ነው የሚሉሽ

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ቢቸና ነው። ባለፈው ዓመት በተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር በዲግሪ ተመርቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር መቆም ሆኗል። በቅርቡ አጎቴ ከአንድ የድሮ ወዳጁ ጋር አገናኘኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአፈር ምርመራ ብዙ ዓመት የሠሩ ባለሙያ ናቸው። «ሥራ የምሰጣት ነገር የለኝም፤ ስለ ሙያው ልትጠይቀኝ ከሆነ ግን ትምጣ፣ ግማሽ ሰዓት አላጣም» ብለዋል። ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው።

ጭንቀቴ ምን እንደምጠይቃቸው ነው። ደብተሬ ላይ አራት ጥያቄ ጻፍሁ፦ ሥራው እንዴት ነው? ደመወዙ ስንት ነው? ክፍት ቦታ ይኖራል? ምን ይመክሩኛል? መልሼ ሳነበው ራሴው አፈርሁ። ጓደኛዬ «ዝም ብለሽ ሲቪሽን ስጫቸው» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ «የሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» ብላ ማር አዘጋጅታለች። እኔ እንደሆንሁ ትልቅ ሰው ፊት ስቀርብ አፌ ይተሳሰራል። ምን ይሻለኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከቢቸና

መልስ

እህቴ፣ ማፈርሽን ወደድሁት። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሥራው እንዴት ነው?» እኛ ዘንድ ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። «ከብቱ፣ አዝመራው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?» እንደምንለው ማለት ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ይመስገን»። ጨዋ ሰው ዛሬ ለተዋወቃት ልጅ እንጀራውን አያማም። እሳቸው «ይመስገን» ይላሉ፣ አንቺ አንገትሽን ትነቀንቂያለሽ፣ ሁለታችሁም ዝም ትላላችሁ። እና «ይመስገን» ተብሎ የማይታለፍ ጥያቄ ያስፈልግሻል። ለምሳሌ «ትናንት ቢሮ ከገቡ እስከ ምሳ ሰዓት ምን ምን ሠሩ?» በያቸው። ስለ ትናንት የተጠየቀ ሰው ዝርዝር ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ምናልባት ናሙና ሳይነኩ ግማሽ ቀን ሪፖርት ሲጽፉ ውለው ይሆናል። ሪፖርት መጻፍ የሚያንገሸግሽሽ ከሆነ ይህንን ከወዲሁ ብታውቂው ይሻልሻል።

የምታውቂውን አትጠይቂ። አፈሩ በአየር እንደሚደርቅ፣ ተፈጭቶ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት እንደሚነፋ፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) እንደሚለካ ክፍል ውስጥ ተምረሽዋል። እሱን ለመስማት ከቢቸና ማርቆስ መሄድ አያስፈልግም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠይቂ። የጎጃም ደጋ አሲዳማ አፈር እንደሚያስቸግረው ታውቂያለሽ። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ይጎዳል፣ ፎስፈረስ የሚባለው ምግቡም አፈሩ ውስጥ ታስሮ ለሰብሉ አይደርስም። መድኃኒቱ ኖራ ነው ይባላል። ኖራ ግን በአንድ አህያ ጭነት የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ለአንድ ሄክታር በአስር የሚቆጠር ኩንታል ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ «ማሳህ አሲዳማ ነው የተባለ ገበሬ ወረቀቱን ይዞ ወዴት ይሄዳል? ነገሩ የሚቆመው የት ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ዕድሜያቸውን በዚህ ላይ የጨረሱ ሰው ስለሆኑ ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጉልሻል ብዬ እገምታለሁ። የሙያው ምሬትም ጣዕምም የሚወጣው ከእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።

ስለ ደመወዝ ብዙ አልልም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጣ ደረጃውንና ደመወዙን አብሮ ይለጥፋል። አንቺ ደግሞ እዚያ ሰሌዳ ስር ቆመሽ ነው የከረምሽው። አንብቢው።

«ክፍት ቦታ ይኖራል?» የሚለውን ሰርዢው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰውየው አስቀድመው ሥራ የለኝም ብለዋል። ደግመሽ ስትጠይቂ ቀጠሮው ደጅ ጥናት ይሆናል፤ እሳቸውም ሰዓታቸውን ማየት ይጀምራሉ። ሲቪውም ቦርሳሽ ውስጥ ይቆይ፤ ከጠየቁሽ ብቻ አውጪው። በምትኩ መጨረሻ ላይ «ከእርስዎ ሌላ ማንን ባነጋግር ይጠቅመኛል?» በይ። አንድ ስም ከሰጡሽ መንገድሽ ተቃና።

«ምን ይመክሩኛል?» ካልሽ «በርቺ፣ ጠንክሪ» ይሉሻል። ይህን እናትሽም ብላሻለች። ጠበብ አድርጊው፤ «በእኔ ቦታ ቢሆኑና ስድስት ወር ነፃ ጊዜ ቢኖርዎት መጀመሪያ ምን ይማሩ ነበር? ላቦራቶሪ ገብተው ይለማመዱ ነበር ወይስ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ ሥራ) ይማሩ ነበር?» መልሱ በማግስቱ የምትጀምሪው ነገር ይሆንልሻል።

አፍ መተሳሰሩን እኔም አውቀዋለሁ። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ዘንድ ስለ ሙያው ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አሥራ አራት ጥያቄ ጽፌ፣ ወረቀቱ በላቤ ርሶ። ሰውየው በመሃል «አንድ ጊዜ የተሳሳተ ዜና አንብቤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ» አለኝ። እኔ ሆዬ ቀና እንኳ ሳልል «ስድስተኛ ጥያቄ…» ብዬ ቀጠልሁ። ያን ሌሊት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ስለዚህ አምስት ጥያቄ ይበቃሻል። በግማሽ ገጽ ላይ ጎላ አድርገሽ ጻፊው። ስትደርሺም አትደብቂው፤ «ጋሼ፣ እንዳልረሳ ብዬ ጽፌ ነው የመጣሁ» በይ። ሰው ሲጠነቀቁለት ደስ ይለዋል። በትናንቱ ውሎ ጀምሪ፣ የሚከብደውን ወደ መሃል አድርጊው። ያልጠበቅሽው ነገር ከተናገሩ ወረቀቱን ተዪና «እንዴት ሆነ?» በይ። ረቡዕ ማታ ደግሞ አጎትሽን ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽ አንድ ጊዜ ተለማመጂበት። ይስቅብሽ ይሆናል፤ ይሳቅ።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ እሳቸው ሳይነሱ አንቺ ተነሺ። ማታ አጭር የምስጋና መልእክት ላኪ፤ ከነገሩሽ ውስጥ የትኛው እንደጠቀመሽ ስም ጠርተሽ ጻፊ።

ማሩን በተመለከተ እናትሽን አታስቀይሚ፣ ግን ሐሙስ ይዘሽ አትሂጂ። ቢሮ ውስጥ፣ ባልደረቦቻቸው እያዩ፣ በመጀመሪያ ቀን የቀረበ ማር እጅ መንሻ ይመስላል፤ እሳቸውንም ያሳቅቃል። ለአጎትሽ ስጪው። የወዳጁን ቤት ያውቀው የለ? በዓል ሲደርስ ይዞላቸው ይሂድ።