ዘይቱን አትቀንሱ፦ ስለ ቱ ስትሮክ ሞተር ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቱ ስትሮክ ሞተር (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ስለሚቃጠልበት ሞተር) እና ስለ ዘይት ልኬት ናቸው። አሳጥሬ ላቅርባቸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ አሮጌ ያማሃ አለኝ። የዘይት ፓምፑ ተበላሽቶ ስለተነቀለ ዘይቱን ቤንዚኑ ላይ እቀላቅላለሁ። ጭሱ በዝቷል፣ ካንዴላውም ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል። ጓደኛዬ "ለአንድ ሊትር አንድ ክዳን ዘይት ይበቃል" አለኝ። ልቀንስ?

እንዳትቀንስ! ይህን ምክር ደጋግሜ እሰማለሁ፣ በሰማሁ ቁጥርም እናደዳለሁ። የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ለብቻው ነው፣ ወደ ላይ አይደርስም። ኮሎውን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ)፣ ኩሽኔታውን፣ ፒስተኑንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) የሚያለሰልሳቸው ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። እሱ ካነሰ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ያኔ የኋላ ጎማ በድንገት ቀጥ ይላል። እየበረርክ ከሆነ ጉዳቱ የሞተሩ ብቻ አይደለም፣ የአንተም ነው።

የሃይላንድ ክዳን ደግሞ መለኪያ አይደለም፣ የሚይዘው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዛ። 50 ለ 1 ማለት ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። 40 ለ 1 ሲሆን 25፣ 32 ለ 1 ሲሆን 31 ገደማ፣ 25 ለ 1 ሲሆን 40 ይሆናል። የሞተሩ መመሪያ ካለህ እሱን ተከተል። ከጠፋብህ፣ ፓምፑ ለተነቀለና በአየር ለሚቀዘቅዝ አሮጌ ሞተር እኔ 32 ለ 1 እመርጣለሁ።

ታዲያ ካንዴላው ለምን ይጠቁራል? ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራተሩ ለቆላ ተስተካክሎ ከሆነ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ስለዚህ መቀነስ ያለባት ቤንዚን የምታሳልፈዋ የካርቡራተር ቀዳዳ ናት። ዘይት ስትቀንስማ በዚያችው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ጭራሽ ይጨምራል! መጀመሪያ ግን የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ እየው። በበጋ አቧራ ከታፈነ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቾኩም ሳይመለስ ቀርቶ እንዳይሆን።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጭሱ ነጣ ያለ ከሆነና የካምቢዮው ዘይት ምንም ሳይፈስ እየቀነሰ ከሄደ፣ በኮሎውና በካምቢዮው መካከል ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ አልቆ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ሊሆን ይችላል። ይህ በግምት የሚነካካ ስላልሆነ መካኒክ ይፍታው።

ከሞጣ፦ የመኪና ሞተር ዘይት ብቀላቅልስ? ርካሽ ነው።

አይሆንም፣ እህቴ። የመኪና ዘይት የተሠራው ሳይቃጠል ከሥር እንዲቆይ ነው። ከቤንዚን ጋር ሲቃጠል አመድ ይተዋል፣ አመዱም ካንዴላውንና ማርሚታውን ይደፍናል። ዕቃው ላይ "ጃሶ ኤፍሲ" ወይም "ኤፍዲ" የሚል የጥራት ደረጃ ምልክት ያለበትን የቱ ስትሮክ ዘይት ግዢ፤ የፋብሪካው ስም ብዙም አያስጨንቅሽ።

ከቡሬ፦ ባጃጄ ፎር ስትሮክ ነው። ዘይት ልቀላቅል?

አትቀላቅል።

ከደጀን፦ ዘይቱን በልኩ ነው የምቀላቅለው። ግን የአባይ በረሃን ቁልቁለት ጨርሼ ዳገቱን ስጀምር ሞተሬ ሁለቴ ነክሶ ቆመ።

ልኬቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ አነዳድህን ግን እንየው። ከደጀን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ነዳጅ መስጫውን ለቀህ በማርሽ ይዘህ ስትወርድ ሞተሩ በኃይል ይዞራል፣ የሚገባው ቤንዚን ግን ጥቂት ነው። ቤንዚኑ ከሌለ ዘይቱም የለም። ስለዚህ በየመሀሉ ፍሪሲዮኑን ይዘህ ነዳጅ ሰጥ፣ ሰጥ አድርግ። ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀም፣ ሲግሉ ቆም ብለህ አቀዝቅዝ። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ አይታሰብ!

ደግሞም ሁለቴ ነክሷል ብለሃል። አሁን ቢነሳም ፒስተኑና ሲሊንደሩ መቧጨራቸው አይቀርም። ሲሊንደሩ ተፈትቶ ሳይታይ ወደ በረሃው እንዳትወርድ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከባድ መኪና ከኋላህ እያለ ሊነክስ ይችላል።

ከባሕር ዳር፦ ወንድሜ ጣና ላይ ጀልባ አለው። የጀልባውን የቱ ስትሮክ ዘይት ለሞተር ሳይክሌ ልጠቀም?

ተወው። የጀልባው ሞተር በሐይቁ ውኃ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ዘይቱም የተሠራው ለዚያ ነው። ያንተ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ይበልጥ ይግላል። ጨንቆህ ለአንድ መንገድ ብትጠቀመው ከባዶ ይሻላል፣ የዘወትር ዘይት ግን አይሆንህም።

ከዳንግላ፦ ቤንዚን ሲጠፋ ብለው ቀላቅለው በጄሪካን ያስቀመጡት ሁለት ወር ሞልቶታል። ይሠራል ወይ ይላሉ አንድ አባት።

አባቴ፣ ከወር በላይ የቆየውን ባይጠቀሙበት ይሻላል። ቤንዚኑ ይተናል፣ የቀረው ሞተር ለማስነሳት ያስቸግራል። ለወደፊቱ ቤንዚኑን ብቻ ከድነው ያስቀምጡና ዘይቱን ሊነዱ ሲሉ ይጨምሩ። ሁሌም ከመቅዳትዎ በፊት ጄሪካኑን ነቅነቅ ያድርጉት።