ከትራንስፎርመር የሚንጠባጠበው ዘይት

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። አጥራችን ጥግ ያለው አሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ያንጠባጥባል። ሥሩ ያለው አፈር ጠቁሯል፣ ሣርም አይበቅልበት፤ ዶሮዎቻችን ግን እዚያው ሲጭሩ ነው የሚውሉት። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ዘይቱን በጣሳ እያጠራቀሙ የቤታቸውን ምሰሶ ለምስጥ ይቀቡታል። የጉድጓድ ውሃችን ቅርብ ስለሆነ ፈራሁ። አፍልተን ብንጠጣውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ዘይትና ኬሚካል አያጠፋም። ውሃው ዘይት ዘይት ከሸተተ ወይም ላዩ ላይ ቅባት ካየሽ ተዪው፣ ለጊዜው ከቦኖ ቅጂ።

እኔን ግን ከውሃው ይልቅ ያስጨነቁኝ ዶሮዎቹ ናቸው። ድሮ አንዳንድ ትራንስፎርመር ውስጥ ፒሲቢ የሚባል፣ በቀላሉ እሳት የማይዘው ኬሚካል ይጨመር ነበር። ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ አፈር ላይ ተጣብቆ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ስብ ውስጥ ይከማቻል። ዶሮ ስትጭር አፈር ትውጣለች፣ መርዙ ወደ እንቁላሉ አስኳል ይሄዳል፣ አስኳሉን የሚበላው ልጅሽ ነው። ከእናትም በጡት ወተት ወደ ሕፃን ያልፋል። ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2013 (እ.ኤ.አ.) አረጋግጧል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ያንን አፈር ጠርጎ ቦርከና ይከተዋል፣ ቦርከና አዋሽ ይገባል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የአንቺ ጓሮ ብቻ አይደለም።

የአሁኑ ትራንስፎርመር አብዛኛው ተራ የማዕድን ዘይት ነው የያዘው፣ የናንተም እሱ ሊሆን ይችላል። ግን አይተሽም አሽትተሽም አትለዪውም፣ በምርመራ ብቻ ነው የሚለየው። እስኪታወቅ ድረስ እንዳለበት ቁጠሪው። ቦታውን እሾህ አጥሪበት፣ እዚያ የጫሩትን ዶሮዎች እንቁላል አትብሉ፣ ልጆችም አይጠጉ።

ለመብራት ሰዎችና ለከተማው አካባቢ ጥበቃ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቺ። «ዘይቱ ለፒሲቢ ይመርመር» ብለሽ በስሙ ጠይቂ። ኢትዮጵያ ያለችበት፣ ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ይህን ኬሚካል የያዙ ዕቃዎች እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) ከአገልግሎት እንዲወጡ ይላል፣ ስለዚህ መጠየቅ መብትሽ ነው።

ለጎረቤትሽም ንገሪያቸው፦ ፒሲቢ በቆዳ ይገባል፣ ዘይቱ ሲነድ ደግሞ የባሰ መርዝ ይወጣዋል። የተቀባውን እንጨት ለማገዶ እንዳያደርጉት። ጣሳውን ከድነው ከልጆች ያርቁት እንጂ ቦይ ውስጥ አይድፉት፣ መርማሪዎቹ ሲመጡ ያስረክቡ።