ኤምፒኤች ብቻውን አይበቃም

ሰላም ወንድሜ፣ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ኤምፒኤች (የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ) አሜሪካ ፕሪቬንቲቭ ሜዲስን (የበሽታ መከላከል ሕክምና) ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ለመግባት ይበቃል ወይ ላልከው፣ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ከአሜሪካ ውጭ ለተማሩ ሐኪሞች የሚሰጠው የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት ያስፈልግሃል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ቀጥሎ ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት እዚሁ እውቅና ባለው ፕሮግራም የ1 ዓመት የክሊኒክ ሥልጠና የጨረሰ ሐኪም ነው። ጥቁር አንበሳም ሆነ ጎንደር ኢንተርን ሆነህ ዲዩቲ ያደርክባቸው ሌሊቶች፣ ቢያሳዝንም፣ አይቆጠሩልህም። ስለዚህ ይህን የ1 ዓመት ሥልጠና ለሚሰጡት፣ ፕሪሊሚናሪ ወይም ትራንዚሽናል ዓመት ለሚባሉት፣ ለብቻው አመልክት። እሱን ሳትይዝ ዋናውን ብቻ እንዳትጠብቅ፣ አደራ! ከዚያ ሬዚደንሲው ራሱ 2 ዓመት ነው። ኤምፒኤች የሌለው እዚያው እየሠለጠነ ይማራል። አንተ ስላለህ፣ ኤፒዲሚዮሎጂና ባዮስታቲስቲክስ የወሰድክበትን ትራንስክሪፕት ላክላቸውና የትኛው ኮርስ እንደሚያዝልህ ከማመልከትህ በፊት ጠይቅ።