ዛፉን የከለከለው በጋው ነው

ልጆቼ፣

ችግኝ ተከላ ላይ ስንገናኝ አንድ ጥያቄ ታበዙብኛላችሁ። «ጋሼ፣ ያ ተራራ አናቱ ለምን ራቁቱን ቀረ? ለምን ዛፍ አንተክልበትም?» ጥያቄው ደስ ይለኛል። እኔም በእናንተ ዕድሜ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱን ያገኘሁት ግን ከአገሬ በጣም ርቄ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የደን ትምህርት ልማር ሶቪየት ኅብረት ሄድኩ። አንድ ሐምሌ ላይ ለመስክ ልምምድ ኪቢኒ የሚባሉ ተራሮች ጋ ወሰዱን። ከአርክቲክ ክበብ በላይ፣ ኮላ በሚባለው ምድር ናቸው። ከታች ረጃጅም የጥድ ዘመዶች አሉ። ወደ ላይ ስንወጣ ቁመታቸው እያጠረ መጣ። ከዚያ በርች የሚባለው ዛፍ ብቻ ቀረ፤ እሱም የተጣመመ፣ የጎበጠ። ከዚያ በቃ። መሬት ላይ የተለጠፈ ቁጥቋጦና ድንጋይ። ቱንድራ ማለት ይኼ ነው።

መምህራችን ለምን እንደሆነ ጠየቁን። እኔ ፈጠን ብዬ «ከብርዱ ነዋ!» አልኩ። እሳቸው ሳቁ። ኦይሚያኮን ስለምትባል የሳይቤሪያ መንደር ነገሩን። በ1933 እ.ኤ.አ. ከዜሮ በታች 67.7 ዲግሪ የተለካባት ናት፤ ዙሪያዋ ግን ደን ነው። ከቆምንበት ወደ ሰሜን ያለው የባሬንትስ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ከአትላንቲክ በሚመጣ ሞቃት ውኃ ምክንያት ክረምቱ ከኦይሚያኮን እጅግ የለዘበ ነው። ዛፍ ግን የለውም። (ክረምት ስል የእነሱን በረዶ ነው፤ የእኛን ዝናብ አይደለም። በጋ ስልም ሐምሌ አካባቢ ያለውን የእነሱን ሙቀት ነው።)

ልዩነቱ በጋው ላይ ነው። ኦይሚያኮን በጋዋ አጭር ቢሆንም ይሞቃል። የባሕሩ ዳርቻ በጋ ቀዝቃዛ ነው። በሰሜን የዛፍ ወሰን የሚያልፈው የሐምሌ አማካይ ሙቀት 10 ዲግሪ ገደማ በሆነበት መስመር አካባቢ ነው።

ለምን? ቅጠል ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እንኳ በመጠኑ ምግብ ይሠራል። ችግሩ ምግቡን ወደ እንጨት መለወጡ ላይ ነው። ከ5 ዲግሪ በታች አዲስ ሕዋስ መሥራት ሊቆም ምንም አይቀረውም። ብሎኬቱም ሲሚንቶውም ግቢ ውስጥ ተራግፏል፤ የግንበኛው እጅ ግን ደንዝዟል እንደማለት ነው። ባዝል ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ክርስቲያን ከርነር ከባልደረቦቻቸው ጋር በተለያዩ አህጉራት ተራሮች፣ የዛፍ ወሰን ላይ፣ የአፈር ሙቀት ለክተዋል። በዕድገት ወቅት አማካዩ በየቦታው ወደ 6 ዲግሪ ተኩል የተጠጋ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ቁጥቋጦው እንዴት ኖረ? የዚያን ቀን ተንበርክኬ ቴርሞሜትር አስገባሁበት። ደረቴ ትክክል 9 ዲግሪ ነበር፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ፀሐይዋ የምታርፍበት ላይ 21። ለካ አጭር መሆን ማለት ሌላ አገር መኖር ነው! ዛፍ ግን ራሱን ከንፋሱ ጋር ያጋፍጣል። ይባስ ብሎ በገዛ ጥላው ሥሩን ያቀዘቅዛል። ከዚያ እርሳስ የምታህል የቁጥቋጦ ግንድ ቆርጬ የዕድሜ ቀለበቷን በማጉያ ቆጠርኩ። 38 ላይ ዓይኔ ደከመ። ከእኔ ትበልጥ ነበር፤ አፈርኩ።

መሬቱ በረዶ ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ። ውሸት አይደለም። ከሥር ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ ካልቀለጠ ሥር ወደ ታች አይወርድም፤ ውኃውም መሄጃ አጥቶ ይተኛል፣ አየር ይጠፋል፣ ናይትሮጂን ያጥራል። ግን ብቻውን አይበቃም። ያኩትስክ ከተማ ውስጥ በ1828 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጉድጓድ ከ116 ሜትር በላይ ተቆፍሮ አሁንም በረዶ ነበር። በከተማዋ ዙሪያ ላርች የሚባል ዛፍ ሞልቷል።

አሁን ወደ እኛው ተራራ። ባሌ፣ ሳነቲ ላይ፣ 4000 ሜትር ገደማ፣ እንዲህ ያለ የበረዶ አፈር የለም። ቀኑ በጋ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ አማካዩ ግን ለዛፍ ያው ቀዝቃዛ ነው። አስታ የሚባለው ዛፍ ከታች ይቀራል። ከላይ ጅባራ የሚባለው ተክል አለ፤ ሌሊት ቅጠሉን ሰብስቦ ቡቃያውን ይሸፍናል፣ ዓመታት ቆይቶ አንዴ ያብባል፣ ይሞታል። ሥሩ ፍልፈሉ ይቆፍራል፣ ፍልፈሉን ቀይ ቀበሮው ያድነዋል። ባዶ የምትሉት ይኼንን ነው እንግዲህ።

ይህን ሁሉ ተምሬ መጥቼ ምን ሠራሁ መሰላችሁ? የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ፣ ስሙን በማልጠራው ተራራ፣ ከአስታው ወሰን በላይ ችግኝ አስተከልኩ። ኮታ ነበረብን። አለቃዬም ቸኩሏል፣ እኔም «አይሆንም» ለማለት ወኔ አልነበረኝም። ሐምሌ ላይ ለምለም ነበር። ጥር ላይ ስመለስ ቅጠሉ በጣቴ መሃል እንደ ሻይ ቅጠል ተፈረፈረ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ እዚህ እኮ አባቶቻችንም እንጨት ለቅመው አያውቁም» አሉኝ። ከመትከሌ በፊት ብጠይቃቸው ኖሮ በነፃ ይነግሩኝ ነበር።

ስለዚህ ወደ ላይ ስትወጡ ቴርሞሜትር ያዙ። አፈሩ ውስጥ፣ ጥላ ያለበት ቦታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩትና ወራት ጠብቁ። የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ሪፖርታችሁን ስትጽፉ እኔን አትሁኑ። የእኔው እስካሁን የሆነ መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ይገኛል፤ «ለመድረቁ ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «የከብት ንክኪ» ይላል። እዚያ ከፍታ ላይ አንድም ከብት አላየሁም።